ካምፓሱን ከመውደድሽ በፊት ዋጋውን ጠይቂ

ነይ እስቲ፣ ላፕቶፑን ወደዚህ አዙሪው። የ11ኛ ክፍል ስፕሪንግ ብሬክሽ እየደረሰ ነው፤ ከሰሞኑ የኮሌጅ ፎቶ እያገላበጥሽ «ይሄ ግቢ ያምራል፣ የዚያኛው ላይብረሪ ይበልጣል» ስትይ እሰማሻለሁ። ደስ ይለኛል። መኪና ከማስነሳታችን በፊት ግን አንድ ምክር ያዥልኝ፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ይከተላል። ካምፓሱን ከመውደድሽ በፊት ዋጋውን ጠይቂ። ዋጋ የምልሽ የእኛ ቤት ከኪሱ የሚያወጣውን ነው። ድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ያለው ልዩነት በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊሆን ይችላል።

እማዬና አባዬ ይህን እንዲነግሩሽ አትጠብቂ። እነሱ ያደጉበት ሥርዓት ሌላ ነው። ማትሪክ ተፈተኑ፣ ውጤት መጣ፣ ተመደቡ፤ አለማያ የደረሰው አለማያ፣ ባሕር ዳር የደረሰው ባሕር ዳር ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ግቢውን አስቀድሞ ማየት፣ «ስንት ታግዙኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይታሰብም ነበር። እዚህ አገር የሚመድብሽ የለም። አንቺ ትመርጫለሽ፣ ኮሌጁም ይመርጥሻል፣ በመሃል የገንዘቡ ጉዳይ ይነሣል። የእኛ ሰው ልጆች በትምህርቱ አይታሙም፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዱት የገንዘቡን ጥያቄ በይሉኝታ ስለሚያሳድሩት ነው።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ እንግባባ። ኮሌጆች የሚሰጡት እርዳታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የቤተሰብ ገቢ ታይቶ የሚሰጥ ነው። ሌላው በውጤትሽና በችሎታሽ የሚሰጠው ሜሪት ስኮላርሺፕ ነው። ብዙ ወላጅ ሜሪትን ጎበዝ ለሆነ ልጅ ሁሉ የሚሰጥ ሽልማት አድርጎ ያስበዋል። ኮሌጁ ግን ይህን ገንዘብ የሚያወጣው የሚፈልገው ተማሪ ወደ ሌላ ኮሌጅ እንዳይሄድበት ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ልግባ ብሎ የሚሻማበት ኮሌጅ ተማሪ ለመሳብ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም። ሃርቫርድን፣ የልንና ፕሪንስተንን ጨምሮ ስምንቱም የአይቪ ሊግ ዩኒቨርሲቲዎች በውጤት ብቻ ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ኤም.አይ.ቲም አይሰጥም። እርዳታቸው በገቢ ነው፤ እሱም ቢሆን ትልቅ ነው። ሃርቫርድ ከ2025–26 የትምህርት ዘመን ጀምሮ በዓመት 100 ሺህ ዶላርና ከዚያ በታች ገቢ ካለው ቤተሰብ ለሚመጣ ተማሪ ትምህርቱንም፣ ምግቡንም፣ ማደሪያውንም እንደሚሸፍን፣ እስከ 200 ሺህ ገቢ ላለው ደግሞ የትምህርት ክፍያውን እንደሚያስቀር አስታውቋል። ስለዚህ እዚያ ብታመለክቺ አልቃወምም። «ውጤቴ ጥሩ ስለሆነ ሜሪት ይሰጡኛል» ብለሽ ግን አትሂጂ።

ሜሪት የሚገኘው አንቺ ከብዙዎቹ ገቢ ተማሪዎች በውጤት ከፍ ብለሽ በምትታይበት ኮሌጅ ነው። አንዳንዱ ዋጋውን በግልጽ ያስቀምጥልሻል፤ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ ከሌላ ስቴት ለሚመጡ ተማሪዎች ጂፒኤና የፈተና ውጤት አንድ ላይ ታይቶ ስንት እንደሚያሰጥ በሠንጠረዥ አውጥቶ አስቀድሞ ያሳያል። አትላንታ ያሉ ልጆች ደግሞ ከ1993 ጀምሮ በሎተሪ ገቢ የሚደገፈው የጆርጂያ ሆፕ ስኮላርሺፕ አላቸው፤ 3.0 ጂፒኤ ይጠይቃል። እኛ ሜሪላንድ ነንና ቅርባችንን እንይ። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባነከር ኪ የሚባል ትልቅ የሜሪት ስኮላርሺፕ አለው። ባልቲሞር ካውንቲ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩ.ኤም.ቢ.ሲ.፣ ደግሞ በ1988 የተቋቋመው የማየርሆፍ ፕሮግራም አለው፤ በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ለምርምር የሚዘጋጁ ተማሪዎችን ይይዛል። ሆዋርድ ዩኒቨርሲቲም ካርሽ የሚባል ተመሳሳይ የሳይንስ ስኮላርሺፕ አለው፤ የማየርሆፍን አርአያ ተከትሎ የተሠራ ነው። እነዚህ ሁሉ ከቤታችን ደጅ ናቸው፤ የአውሮፕላን ቲኬት አይጠይቁም።

አሁን እዚሁ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ነገር ክፈቺ። አንደኛው ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር ነው። የፌዴራል እርዳታ የሚቀበሉ ኮሌጆች ከ2011 ጀምሮ በሕግ ተገደው ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጡታል። የአባዬን የታክስ ወረቀት ይዘሽ ስትሞዪው እንደኛ ያለ ቤተሰብ በዓመት ስንት እንደሚከፍል ግምቱን ይሰጥሻል። ጂፒኤሽንም የሚጠይቅ ከሆነ ሜሪቱን ጨምሮ እያሰላልሽ ነው። ሁለተኛው ኮመን ዳታ ሴት የሚባለው ሰነድ ነው። የኮሌጁን ስም ከዚህ ቃል ጋር ፈልጊው፤ አብዛኞቹ በየዓመቱ ያወጡታል። ረጅም ነው፣ አያስፈራሽ፤ ሁለት ቦታ ብቻ ተመልከቺ። ኤች 2 ኤ የሚለው ክፍል የገቢ ችግር ሳይኖርባቸው ሜሪት ያገኙ ተማሪዎች ስንት እንደሆኑና በአማካይ ስንት ዶላር እንደተሰጣቸው ይናገራል። ሲ 7 የሚለው ደግሞ ኮሌጁ ተማሪ ሲመርጥ ለየትኛው ነገር ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጥ ይዘረዝራል፤ እዚያ ውስጥ «አመልካቹ ያሳየው ፍላጎት» የሚል መስመር አለ። ከጉዞሽ ጋር የሚያያዘው ይህ መስመር ነው።

አንዳንድ ኮሌጆች መጎብኘትሽን፣ ኢሜይላቸውን መክፈትሽን፣ ከተወካያቸው ጋር መነጋገርሽን ይመዘግባሉ። የምር እንደምትፈልጊያቸው ማወቅ ይፈልጋሉ። ሌሎቹ ግድ አይሰጣቸውም። ሲ 7 ላይ ግምት ውስጥ እናስገባለን ያለ ኮሌጅ ጋ ስትሄጂ ዝም ብለሽ ግቢ ውስጥ ተንሸራሽረሽ አትመለሺ። በአድሚሽን ቢሮው ድረ ገጽ በራስሽ ስምና በራስሽ ኢሜይል ተመዝገቢ፤ ስትደርሺም ስምሽን አስመዝግቢ። ስምሽ ካልተጻፈ እነሱ ዘንድ እንዳልመጣሽ ነው የሚቆጠረው።

ለጉዞ ብር የለም ብለሽ ደግሞ እንዳትቀሪ። በመኸር የኮሌጅ ተወካዮች ራሳቸው ወደ ሃይስኩልሽ ይመጣሉ፤ የሚመጡበትን ቀን ከካውንስለርሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ ያ ሰው የአካባቢያችንን ማመልከቻዎች መጀመሪያ የሚያነብ ነው። ፊት ወንበር ተቀመጪ፣ ስምሽን ንገሪው፣ ድረ ገጹ ላይ የሌለ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፣ ማታ በኢሜይል አመስግኚው። በኢንተርኔት የሚደረገው ጉብኝትም ይመዘገባል። አንዳንድ ኮሌጆች እንዲያውም የመጓጓዣውን ከፍለው ይጠሩሻል፤ የዊሊያምስ ኮሌጅ ዊንዶውስ ኦን ዊሊያምስ እና የስዋርትሞር ዲስከቨር ስዋርትሞር እንደዚህ ያሉ ናቸው። ማመልከቻቸው 12ኛ ክፍል ከመጀመርሽ በፊት ባለው ጊዜ ስለሚከፈት ሳይደርቅ በርጥቡ እንዲሉ አሁኑኑ ቀናቸውን ጻፊ።

ጉዞውን በቅርቡ ጀምሪ። አንድ ትልቅ የስቴት ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ፣ አንድ ከተማ መሃል ያለ እይ፤ የትኛው ዓይነት እንደሚስማማሽ ሳትከስሪ ታውቂያለሽ። ተማሪ ክፍል ውስጥ ባለበት ሰሞን ሂጂ፤ በክረምት ባዶ ግቢ ማየት ሕንጻ ማየት ነው። አስጎብኚው ደስ የሚል ልጅ ነው የሚሆነው፣ ያንን ሥራ የሚያገኘውም ለዚያ ነው። ጉብኝቱ ሲያልቅ ወደ ካፍቴሪያው ግቢና ሦስተኛ ዓመት ከደረሱ ተማሪዎች ጋር ተቀመጪ። «ስኮላርሺፕሽ እስካሁን ቀጥሏል? አንደኛ ዓመት ላይ የከበደሽ ምን ነበር? አስተማሪ በቢሮው ይገኛል?» በያቸው። የጾም ምግብ የሚገኝ መሆኑንም እይ፤ አራት ዓመት ልትበዪበት ነው።

ከዚያ ብዙ ሰው የማይገባበት ቢሮ ግቢ፤ ፋይናንሻል ኤይድ። ከቤት ሳትወጪ ቀጠሮ ያዢ። ጥያቄዎቹን እኔ ላጻፍሽ፣ ስልክሽን አውጪ።

ሜሪቱ ሳመለክት በራሱ የሚታይ ነው ወይስ ለብቻው ማመልከቻ አለው? የመጨረሻው ቀን መቼ ነው?

ስኮላርሺፑ እንዲቀጥል ስንት ጂፒኤ ያስፈልገኛል? አንድ ሴሚስተር ቢወርድብኝ የማሻሻያ ዕድል አለ? ከተቀባዮቹ መካከል እስከ መጨረሻው የሚያቆዩት ምን ያህሉ ናቸው?

የትምህርት ክፍያ በየዓመቱ ሲጨምር ስኮላርሺፑም ይጨምራል ወይስ ባለበት ይቆማል?

ከቤተ ክርስቲያን፣ ከማኅበር ወይም ከሌላ ድርጅት ስኮላርሺፕ ባመጣ የእናንተን ትቀንሱብኛላችሁ? ይህን ጥያቄ እንዳትዘዪው። ብዙ ልጅ ክረምቱን ሙሉ ኤሴይ ሲጽፍ ከርሞ ያመጣው ብር ከኮሌጁ እርዳታ ላይ ይነሣበታል። ሜሪላንድ በ2017 የመንግሥት ኮሌጆቿ ይህን እንዳያደርጉ በሕግ የገደበች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት፤ ከዚህ ውጪ ያለው እንደየስቴቱና እንደየኮሌጁ ይለያያል።

በአራት ዓመት የሚመረቀው ስንት በመቶ ነው? ስኮላርሺፑ ብዙ ጊዜ ስምንት ሴሚስተር ነው። ዘጠነኛው ካስፈለገሽ ሙሉውን ትከፍያለሽ።

እዚያ ቢሮ ስትገቢ አባዬን ይዘሽው ግቢ። ከሥራ ፈቃድ ለምኖ፣ ኮቱን ለብሶ መጥቶ፣ «እንግሊዝኛዬ ያሳፍርሻል» ብሎ ከኋላ ነው የሚቆመው። ወንበር ስበሽ ከጎንሽ አስቀምጪው፤ የሚባለውን በአማርኛ ንገሪው፣ እሱ የሚለውን ለእነሱ ንገሪያቸው። የቤቱን ገቢና ወጪ የሚያውቀው እሱ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ቀድመሽ አስረጂው፦ ፋፍሳ፣ የፌዴራል እርዳታ የሚጠየቅበት ቅጽ፣ የሚያየው ኮሌጅ ከምትገቢበት ዓመት ሁለት ዓመት ቀደም ያለውን ታክስ ነው። በ2027 መኸር የሚገባ ተማሪ የሚታይለት የ2025 ታክስ ነው ማለት ነው። ኡበር ወይም ታክሲ የሚነዳ አባት የነዳጁንና የጥገናውን ወጪ በትክክል ሳያስመዘግብ ታክስ ካሠራ፣ ቤተሰቡ ከኑሮው የበለጠ ገቢ ያለው ይመስላል፤ የአንቺም እርዳታ በዚያው ይቀንሳል። የታክስ ሠራተኛው ጋ በጥንቃቄ መሥራት የአንቺ ኮሌጅ ጉዳይ እንደሆነ ይወቅ።

ቀኖቹን ደግሞ ፍሪጁ ላይ እንለጥፋቸው። ኦገስት 1 በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች የሚያመለክቱበት ኮመን አፕ ይከፈታል። ኦክቶበር 1 ፋፍሳ ይከፈታል፤ ነጻ ነው፣ ሙላልሽ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅሽን አትስሚ። ኖቬምበር 1 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የኧርሊ አክሽን፣ ማለት ሳትታሰሪ ቀድመሽ የምታመለክቺበት፣ የመጨረሻ ቀን ነው፤ ለሜሪት ሙሉ በሙሉ መታየት የምትፈልጊ ከሆነ ከዚህ ቀን ማለፍ የለብሽም። በብዙ ኮሌጆች እንደዚሁ ነው፤ ለመግቢያው ጃንዋሪ ድረስ ጊዜ ቢኖርም የሜሪቱ በር ኖቬምበር ወይም ዲሴምበር ላይ ይዘጋል። ማርች 1 ለሜሪላንድ የሴናተሮች ስኮላርሺፕ ፋፍሳ የሚገባበት ቀን ነው። አዎ፣ የስቴታችን ሴናተሮችና ዴሊጌቶች በየወረዳቸው ላሉ ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፤ የእኛ ሰው ብዙም አያመለክትም። ዴሊጌቶቹ የየራሳቸው አሠራር ስላላቸው ቢሯቸው ደውለሽ ጠይቂ። ሜይ 1 የት እንደምትገቢ የምታሳውቂበት ቀን ነው።

ኧርሊ ዲሲዥን ስለሚባለው አንድ ቃል ልበልሽ። ከተቀበሉሽ ትገቢያለሽ ብለሽ ፈርመሽ የምታመለክቺው ነው። ዕድልሽን ሊያሰፋ ይችላል። ግን ሌሎች ኮሌጆች ስንት እንደሚሰጡሽ ሳታዪ ታስረሻል፤ እርዳታው የማያስችልሽ ከሆነ መውጣት ቢፈቀድም የምታወዳድሪው ደብዳቤ በእጅሽ የለም። ሜሪት ለምትፈልግ ልጅ አልመክረውም።

አሁን ወደ ደብዳቤው እንምጣ፤ ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማርች አካባቢ አንዱ የግል ኮሌጅ እንዲህ ብሎ ጻፈልሽ እንበል። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 62,000 ዶላር። ከሥሩ «የእርዳታሽ ዝርዝር» ይላል፦ የኮሌጁ ሜሪት ስኮላርሺፕ 22,000፣ የፌዴራል የተማሪ ሎን 5,500፣ ወርክ ስተዲ 2,500፣ ፓረንት ፕላስና ሌላ የወላጅ ብድር 32,000። መጨረሻ ላይ፣ «ቀሪ ክፍያ 0»። እማዬ ዜሮውን አይታ እልል ትላለች። አንቺ እርሳስ አንሺ። ሎኑን ሰርዢ፣ የምትከፍይው ዕዳ ነው። ፓረንት ፕላሱንና አብሮት ያለውን ብድር ሰርዢ፣ በወላጅ ስም የሚወሰድ ዕዳ ነው፣ በዚህ ዕድሜያቸው። ወርክ ስተዲውንም ለጊዜው ሰርዢ፤ ሠርተሽ በየጊዜው የምታገኚው ደሞዝ እንጂ ከሂሳቡ ላይ የሚቀነስ ስጦታ አይደለም። የቀረው 22,000 ነው። ስለዚህ የዚህ ኮሌጅ እውነተኛ ዋጋ በዓመት 40,000 ነው።

አጠገቡ የስቴት ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ አለ እንበል፦ ወጪ 33,000፣ ስኮላርሺፕ 9,000። ቤተሰቡ በ22,000ው ይኮራል፤ 9,000ው ያንሳል። ሂሳቡ ግን 24,000 በዓመት ይላል። በአራት ዓመት ልዩነቱ 64,000 ዶላር ነው። ትልቁ ስኮላርሺፕ ያለው ደብዳቤ ውዱ ሆነ ማለት ነው። ይህ የአንቺ ስንፍና አይደለም፣ አጻጻፉ ራሱ ያደናግራል፤ የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ሪፖርት 91 በመቶ የሚሆኑ ኮሌጆች የተጣራውን ዋጋ በደብዳቤያቸው ላይ እንደማያስቀምጡ ወይም አሳንሰው እንደሚያሳዩ ገምቷል። ስለዚህ ሁሉንም ደብዳቤ በአንድ ወረቀት ላይ አስቀምጪና አንድ መስመር ብቻ አወዳድሪ፦ ጠቅላላ ወጪ ሲቀነስ የማይመለስ ገንዘብ።

የምትወጂው ኮሌጅ ውዱ ሆኖ ቢገኝስ? ጠይቂ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን። ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው አጭር ደብዳቤ ጻፊ፦ «ስለተቀበላችሁኝ አመሰግናለሁ፣ የመጀመሪያ ምርጫዬ እናንተ ናችሁ፣ ተመሳሳይ ኮሌጅ ይህን ያህል ሰጥቶኛል፣ ደብዳቤውን አያይዣለሁ፣ ስኮላርሺፔን እንደገና ልታዩልኝ ትችላላችሁ?» በቃ። አባዬ ከታክሱ ዓመት ወዲህ ሥራ አጥቶ ወይም ሰዓቱ ተቀንሶ ከሆነ፣ እማዬ ታማ ወጪ መጥቶ ከሆነ፣ ማስረጃውን አያይዢ፤ የፌዴራል ሕጉ ለቢሮው ባለሙያ ስሌቱን እንደየቤተሰቡ ሁኔታ እንዲያስተካክል ሥልጣን ይሰጠዋል። እምቢ ቢሉሽ መግቢያሽን አይነጥቁሽም። የእኛ ቤት ይህን እንደ ልመና ነው የሚያየው። ልመና አይደለም፤ ቢሮው የተከፈተው ለዚሁ ሥራ ነው፣ ሌላው ተማሪም እየጠየቀ ነው።

የመኖሪያ ወረቀቷ ያላለቀላት ጓደኛሽም ይህን ትስማ። የፌዴራል እርዳታ ቢዘጋባት የኮሌጁ የራሱ ሜሪት የግድ አይዘጋባትም፤ እያንዳንዱን ኮሌጅ ትጠይቅ። ሜሪላንድም ፋፍሳ መሙላት ለማይችሉ ተማሪዎች የስቴት እርዳታ የሚጠየቅበት ሌላ ቅጽ አላት። የሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው ብላችሁ ሞንጎመሪ ኮሌጅንም አትናቁት፤ ለጎበዝ ተማሪዎች ሙሉ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን የሞንጎመሪ ስኮላርስ ፕሮግራም አለው።

ሰው ይጠይቅሻል፤ ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ላይም፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይም «የት ገባሽ?» ይሉሻል። የኮሌጁን ስም ሰምተው ያደንቁሻል፣ በማግስቱ ይረሱታል። ዕዳው ግን በየወሩ ይመጣል፤ ሜዲካል ስኩል ልግባ፣ ማስተርስ ልቀጥል፣ እናቴን ከሥራ ላሳርፍ በምትይበት ጊዜ ሁሉ ፊትሽ ይቆማል። እኔ የምመኝልሽ የሚፈልጉሽ ቦታ ገብተሽ፣ የሚፈልጉሽ መሆኑን በገንዘባቸው አሳይተውሽ፣ ተምረሽ በነጻነት እንድትወጪ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ አባዬ ከሥራ ሲገባ ራቱን ይብላ፣ ከዚያ የታክሱን ወረቀት ጠይቂው። የሦስት ኮሌጆችን ዋጋ አስልተሽ ሳታሳዪኝ የመኪና ቁልፍ አልሰጥሽም።